ፍሪድሪሽ ዴክል፤ ስሙ በሻተር ቀለበት ላይ የቀረ መካኒክ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ደምበጫን ካለፈ በኋላ ፍኖተ ሰላምን፣ ከዚያም ማንኩሳን አቋርጦ ቡሬን ያገኛል። አገሩ አፈሩ ቀይ፣ በቆሎውና በርበሬው የታወቀ ነው። በበጋው ወራት የጋሪውና የመኪናው ጎማ የሚያነሣው ደቃቅ አቧራ በበርና በመስኮት ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል፤ በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ቆዳን ያሻግታል፣ ብረትን ያዝጋል። ይህ የወቅት መፈራረቅ ለገበሬው የተለመደ ነገር ሲሆን፣ የካሜራ ዕቃ ለያዘ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ የማያቋርጥ ጥበቃ የሚጠይቅ ነው።

በፊልም ዘመን ከሰከላ ወይም ከቋሪት ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ከተማ የወረደ ሰው ፎቶግራፍ ለመነሣት አንድ ሙሉ ቀን ያጠፋ ነበር። አንሺው ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ምስሉን ያስተካክላል፤ ፊልሙን ያስገባል፤ የሻተሩን ሞላ ስቦ ይጫናል። ሻተሩ አንድ ሰከንድ ተብሎ ሦስት ሰከንድ ቢቆይ፣ ወይም ግማሽ ተከፍቶ ቢቀር፣ ስሕተቱ የሚታወቀው ማታ በጨለማው ክፍል ውስጥ፣ ባለጉዳዮቹ ወደ መንደራቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። ከመካከላቸው አንድ አዛውንት ቢኖሩ ዳግመኛ ለመነሣት ላይመለሱ ይችላሉ። የሻተር ጉዳይ ተራ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ስለዚህ ነው።

በብዙዎቹ የቀድሞ ሌንሶች ዙሪያ «ኮምፑር» የሚል ስም ተቀርጾ ይገኛል፤ አጠገቡም የሠሪው ስምና የከተማው ስም፣ ዴክል፣ ሙኒክ ተብሎ ተጽፏል። ስሙን በየቀኑ በጣቱ የዳሰሰው ባለሙያ ብዙ ሲሆን፣ የሰውየውን ታሪክ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ታሪኩን ማወቅ ደግሞ ለሥራ ይጠቅማል፤ ሻተሩ የሚታመምባቸው ቦታዎች ሠሪው በሕይወት ዘመኑ አንድ በአንድ የታገላቸው ቦታዎች ናቸውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሪድሪሽ ዴክል በ1871 በደቡብ ጀርመን ተወለደ። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ማዶክስ የጄላቲን ደረቅ ፕሌት ሐሳቡን ለዓለም አሳወቀ። ሁለቱን ነገሮች ያገናኘው የጊዜ ግጥምጥሞሽ ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ የሕፃኑን የወደፊት እንጀራ ያበሰለው ያ ፕሌት ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት በእርጥብ ፕሌት የሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ ሻተር አያስፈልገውም ነበር። ሌንሱን በክዳን ይሸፍናል፣ ክዳኑን ያነሣል፣ በልቡ እየቆጠረ ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቃል፣ መልሶ ይከድናል። ደረቁ ፕሌት እየተሻሻለ ሄዶ የሰከንድ ክፋይ ብቻ ሲበቃው ግን የሰው እጅ ዘገየ። ከ1880ዎቹ ጀምሮ በየአገሩ ያሉ የእጅ ባለሙያዎች የሚወርድ መጋረጃ፣ የሚጠቀለል ጨርቅ፣ የሚሽከረከር ቆርቆሮ እያሉ የሻተር ዓይነት ማውጣት ጀመሩ። አብዛኞቹ መክፈትና መዝጋቱን ያውቁበታል፤ ለምን ያህል ጊዜ ክፍት እንደቆዩ ግን በትክክል አያውቁም ነበር።

ዴክል የሠለጠነው ረቂቅ ልኬት በሚጠይቀው የመካኒክነት ሙያ ነው። ኑሮውን የመሠረተባት የሙኒክ ከተማ ደግሞ ለዚህ ሙያ የተመቸች ነበረች። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መባቻ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር መስታወት ያነጠረባት፣ ከእርሱም በኋላ የሽታይንሃይል የሌንስ ቤት የተቋቋመባት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ዴክል በ1903 ክርስቲያን ብሩንስ ከሚባል ሌላ መካኒክ ጋር ተሻርኮ፣ በሁለቱ ስም የሚጠራ አንድ ወርክሾፕ ከፈተ። ብሩንስ ፈልሳፊ ነበር፤ ዴክል ሠሪ ነበር። የዚህ ታሪክ ውበትም ሆነ ቅሬታ የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

ከወርክሾፑ የወጣው የመጀመሪያው ዝነኛ ሥራ «ኮምፓውንድ» የተባለው ሻተር ነው። በዚህ ሻተር ውስጥ ስስ የብረት ቅጠሎች ከመካከል ወደ ዳር ተከፍተው መልሰው ይዘጋሉ፤ የክፍት ቆይታቸውን የሚወስነው ከሻተሩ አናት ላይ የተጋደመ ትንሽ ሲሊንደር ነው። ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲሄድ አየሩ በጠባብ ቀዳዳ ቀስ እያለ ስለሚያልፍ እንቅስቃሴውን ያዘገየዋል፤ የብስክሌት መንፊያን ጫፍ በጣት ይዞ የገፋ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ኮምፓውንድ ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ስለ ነበር በፎቶ ቤቶች ዘንድ ተወደደ። ነገር ግን ሽርክናው አልቆየም። በ1905 ብሩንስ ተለየ፤ ቤቱም በዴክል ስም ብቻ ቀረ።

አየር ጥሩ አገልጋይ ቢሆንም ታማኝ ቆጣሪ አይደለም። ሲሊንደሩ ጥቂት ሲበላ፣ አቧራ ሲገባበት፣ ወይም አንድ ደግ አሳቢ የዘይት ጠብታ ሲያክልበት የሰከንዱ ርዝመት ይለወጣል። ከሽርክናው የወጣው ብሩንስ ይህን ድክመት ከማንም በተሻለ ያውቀው ስለ ነበር፣ አየሩን ትቶ የሰዓትን ጥርስና መልሕቅ ወደ ሻተር ለማስገባት ዘዴ ነደፈ። ሐሳቡ በታላቁ የዛይስ ኩባንያ በኩል አልፎ ተመልሶ የገባው፣ የሚገርም ነው፣ ወደ ቀድሞ ሸሪኩ ወደ ዴክል ፋብሪካ ነበር። በ1912 አዲሱ ሻተር ለገበያ ቀረበ። ስሙም ከኮምፓውንድ የመጀመሪያውን ክፍል፣ በጀርመንኛ የሰዓት ሞተር ከሚለው ቃል ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ወስዶ ኮምፑር ተባለ። ስለዚህ በቀለበቱ ላይ የሚነበበው ስም የሁለት ሥራዎች ጋብቻ ነው፤ የፈልሳፊው ስም ግን በቀለበቱ ላይ የለም። ብሩንስ ተበደለ ብሎ መፍረድ ቀላል ይመስላል። ሆኖም በወረቀት ላይ የተነደፈውን ረቂቅ ጥርስ ሺህ ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ መቁረጥ የሚችል እጅ ባይገኝ ንድፉ ንድፍ ሆኖ በቀረ ነበር። ለሁለቱም ድርሻቸውን መስጠት ይሻላል።

የኮምፑር አሠራር እንዲህ ነው። አንድ ዋና ሞላ ቀለበትን ያዞራል፤ ቀለበቱ ቅጠሎቹን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቅጠሎቹ ሙሉ በሙሉ ተከፍተው ሳሉ ቀለበቱ ከተከታታይ ጥርሶች ጋር ይጋጠማል፤ የመጨረሻው ጥርስ ዳር ላይ ደግሞ እንደ ሰዓት መልሕቅ ወዲያና ወዲህ የሚል ትንሽ ብረት አለ። ቀለበቱ ይህን ሁሉ ገፍቶ እስኪያልፍ ድረስ መዘጋት አይችልም። በአንድ ሰከንድ ላይ የሚሰማው የንብ ድምፅ የሚመስል ዝምዝምታ የዚያ መልሕቅ ድምፅ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ቀለበቱ ከጥርሶቹ ጋር የሚጋጠመው ለጥቂት ብቻ ነው፤ ከዚያም መልሕቁ ይላቀቃል፤ በከፍተኛው ፍጥነት የሚሠራው ሞላው ለብቻው ነው። ይህን በልቡ የያዘ ባለሙያ የበሽታውን ግማሽ ሻተሩን ሳይፈታ ያውቃል።

ዴክል በዚህ ጊዜ አዲስ ችግር ገጠመው። ለእንዲህ ያለ ረቂቅ ሥራ የሚበቃ የፍሬዛ ማሽንና የመቅረጫ መሣሪያ በገበያ እንደ ልቡ አላገኘም። ስለዚህ መሣሪያውን ራሱ መሥራት ጀመረ። በሻተሩ ግንባር ላይ የሚታዩትን ረቂቅ ቁጥሮች ለመቅረጽ የሚያገለግል ማሽን፣ መቁረጫ ብረቶችን የሚስል ማሽን፣ ከዚያም በየአቅጣጫው የሚሠራ የፍሬዛ ማሽን ከፋብሪካው ወጡ። እነዚህ ለቤት ፍጆታ የተሠሩ መሣሪያዎች ውለው አድረው ለሌሎችም ተሸጡ። ኤፍ ፒ 1 የተባለው የዴክል ፍሬዛ በዓለም ላይ ባሉ የሻጋታና የመለዋወጫ ወርክሾፖች ዘንድ እስከ ዛሬ ይከበራል። ከቶርኖና ከፍሬዛ ጋር የሚውል ብረታ ብረት ሠራተኛ ዴክልን በማሽኑ ያውቀዋል፤ ፎቶግራፍ አንሺ በሻተሩ ያውቀዋል፤ ሁለቱ አንድ ሰው መሆኑን ግን ሁለቱም ላያውቁ ይችላሉ።

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ኮምፑር የጥራት መለኪያ ሆነ። በ1929 የወጣው ሮሌፍሌክስ በኮምፑር ነበር የሚሠራው። ቀድሞ ፍጥነቱ የሚመረጠው በግንባሩ ላይ ባለ ትንሽ መዘውር ሲሆን፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ ዙሪያውን በሚዞር ቀለበት ተተካ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በትንሹ መጠኑ እስከ 1/500 ሰከንድ የሚደርስ ኮምፑር ራፒድ ተከተለ። ይህ ሁሉ ሲሆን በጎጃም ምድር በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 ባሉት ዓመታት ጣናንና የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ እየዞረ ካርታ ያነሣ፣ ፎቶግራፍም ያነሣ ነበር፤ መጽሐፉም በ1936 ታተመ። በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ መንገደኛ በበቅሎ ጭነት ላይ ከሚንገጫገጩ ዕቃዎች ሁሉ ሻተር እጅግ ስስ የሆነው ነበር።

ዴክል የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ ሙኒክ ሆኖ የፍኖተ ሰላምን አቧራ ሊያስወግድ አይችልም። ሻተሩ እዚህ ሲደርስ የሚያጋጥመው ሕመም ደግሞ የታወቀ መልክ አለው።

ከሁሉ በፊት ሕመም ሳይሆን ሕመም የሚመስለውን መለየት ይገባል። በቀድሞው ባለ መዘውር ኮምፑር ላይ ዜድ፣ ዴ እና ኤም የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ያሉበት ሌላ ትንሽ መዘውር አለ። ኤም ለፈጣን ምት ነው፤ ሁለቱ ደግሞ አንሺው እስከፈለገው ድረስ ክፍት ለማቆየት ናቸው። መዘውሩ ከኤም ውጭ ባለበት ጊዜ የሞላው መሳቢያ አይንቀሳቀስም፤ እንዲንቀሳቀስም አልተሠራም። ይህን ያላወቀ ሰው ተበላሸ ብሎ በኃይል ሲስብ ጤነኛውን ሻተር ይሰብራል። በባለ ቀለበቱም ቢሆን ከፍተኛውን ፍጥነት የፈለገ ሰው ቁጥሩን አስቀድሞ መርጦ ነው ሞላውን መሳብ ያለበት፤ ለዚያ ፍጥነት ተጨማሪ ሞላ ስለሚነሣ፣ ከተሳበ በኋላ ቀለበቱን ማስገደድ ውስጡን ይጎዳል።

እውነተኛው ሕመም ሲመጣ በብዛት የሚጀምረው በዝግታው በኩል ነው። 1/100 ደኅና እየሠራ አንድ ሰከንድ የሚጎተት፣ ወይም ዝምዝም ብሎ መሐል ላይ የሚቆም ከሆነ ዋናው ሞላ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ባለ መልሕቁ የጥርስ ክፍል ነው። ፋብሪካው በረቂቁ ያኖረው ዘይት ከዓመታት ብዛት አቧራ ጠጥቶ እንደ ሙጫ ሆኗል ማለት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ብርዱ ሲጠና የሚጎተት፣ ከሰዓት በኋላ ግን የሚስተካከል ሻተር ይህን ሕመም ራሱ ይናገራል፤ ሙጫው በሙቀት ይላላልና። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ባዶውን ማስመታት ለዕለቱ ሥራ ያደርሳል። ፈውሱ ግን ሌንሶቹን ፈትቶ፣ የፊቱን ክዳን አንሥቶ፣ የጥርሱን ክፍል በንጹሕ የላይተር ቤንዚን ደጋግሞ ማጠብ፣ ከደረቀም በኋላ በመርፌ ጫፍ የተያዘ የሰዓት ዘይት በመልሕቁና በጥርሶቹ ምሰሶ ላይ ብቻ ማስነካት ነው። ላምባ ለዚህ አይሆንም፤ ሲደርቅ ቅባት ትቶ ይሄዳል። በየከተማው በመስታወት ሣጥን ፊት ቁጭ ብለው ሰዓት የሚጠግኑ ሰዎች ለዚህ ሥራ ዓይናቸውም እጃቸውም የሠለጠነ ነው፤ ዴክል ራሱ ሻተሩን ወደ ሰዓት ያስጠጋው ስለ ሆነ ሻተርን ለሰዓት ሠሪ ማሳየት ነውር የለበትም።

ከዚህ የከፋው በሰው እጅ የሚመጣው ነው። ሻተሩ ሲዘገይ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ የማድረግ ልማድ ብዙ ሻተር አጥፍቷል። ቅጠሎቹ ያለ ምንም ቅባት፣ ደረቅ ሆነው እርስ በርስ እንዲንሸራተቱ የተሠሩ ናቸው። በመካከላቸው ዘይት ሲገባ እንደ ረጠበ ወረቀት ይጣበቃሉ፤ ሻተሩም ወይ አይከፈትም ወይም ግማሽ ተከፍቶ ይቀራል። በቅጠሎቹ ላይ ብርሃን ሲያርፍ የቀስተ ደመና ቀለም ከታየ ዘይት አለ። በጣት መግፋት ቅጠሉን ያጣምማል። ቤንዚን እየነኩ፣ በመጣጭ ወረቀት እያደረቁ፣ ቀለሙ እስኪጠፋ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ታጥቦ ደኅና የመሰለው በማግስቱ መልሶ ሊይዝ ይችላል፤ ዘይቱ ከሥር ካለው ቀለበት ቀስ እያለ ይመለሳልና። በኮምፓውንድ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል፤ በአየር ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ከገባ የቁጥሮቹ ትርጉም ሁሉ ይጠፋል።

የቡሬ አቧራ ሲገባ ግን ምልክቱ ሌላ ነው። የሚሰማው ድምፅ ሻካራ ይሆናል፤ ሻተሩ አንዱን ጊዜ ደኅና፣ ሌላውን ጊዜ ክፉ ይሠራል። አቧራውን በአፍ እፍ ማለት እርጥበት ይጨምርበታል፤ የጎማ መንፊያ ይሻላል። ካሜራውንም ለሥራ ካልሆነ በቀር ከሣጥኑ አለማውጣት፣ ሞላውንም ስቦ አለማሳደር ይገባል።

በመጨረሻ የከፍተኛው ፍጥነት ነገር አለ። በግንባሩ 1/200 የተጻፈበት አሮጌ ሻተር በእርግጥ የሚሰጠው 1/150 ሊሆን ይችላል። ይህን ለማረም ሞላውን ማጠንከር የሚያስብ ሰው ዴክል ካመዛዘነው ሥርዐት ጋር ይጣላል። የሚበጀው ልዩነቱን ለክቶ በወረቀት ጽፎ መያዝ ነው፤ የታወቀ ስሕተት በቀዳዳው መጠን ይታረማል፤ ዛሬና ነገ የሚለያይ ስሕተት ግን አይታረምም። ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞር የሸክላ ማጫወቻ በሰከንድ 200 ዲግሪ ይዞራል። በላዩ ጥቁር ወረቀት ተደርጎ፣ ከመካከል እስከ ዳር ነጭ መስመር ተሠምሮበት ቢነሣ፣ በ1/10 ሰከንድ መስመሩ 20 ዲግሪ፣ በ1/25 ደግሞ 8 ዲግሪ የሚሰፋ ደብዛዛ ጥላ ይተዋል። ጥላው ከዚያ ከሰፋ ሻተሩ ዘግይቷል። ዛሬ በእጅ ስልክ ድምፁን ቀድቶ በመክፈቻውና በመዝጊያው ምት መካከል ያለውን ርቀት በመስታወቱ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ የሸክላው ዘዴ ግን ማሳያው ምስል ስለ ሆነ ለፎቶግራፍ አንሺ ዓይን ይቀርባል።

ወደ ሰውየው እንመለስ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሙኒክን በቦምብ ሲያፈርስ ዴክል ሰባ ዓመት አልፎት ነበር። የእርሱን ሥራ ያስለመደው ዓለም ተበታትኖ፣ ጀርመንም ተከፋፍላ ከቆየች በኋላ፣ በ1948 ዐረፈ። ፋብሪካው ግን ተነሥቶ በ1951 ከብልጭታ መብራት ጋር የሚቀናጀውን ሲንክሮ ኮምፑር አወጣ፤ በ1957 የቀረበው ሃሰልብላድ 500 ሲም ሌንሶቹን በዚሁ ሻተር ላይ አቆመ። ያ ዘመን አጭር ነበር። የጃፓን ሻተሮች በዋጋ በረቱ፤ መጋረጃ ሻተር ያላቸው ትንንሽ ካሜራዎች ገበያውን ወሰዱ፤ ኤሌክትሮኒክሱም መጣ። በ1970ዎቹ የዴክል ቤት ሻተር መሥራቱን ትቶ ወደ ማሽኖቹ ዞረ። በማሽኖቹም በኩል በ1993 ማሆ ከተባለ ተፎካካሪው ጋር ተዋሐደ፤ በማግስቱ ዓመት ከስሮ ወደ ጊልደማይስተር ኩባንያ ተላለፈ። የዴክል ስም የመጀመሪያ ፊደል እስከ ዛሬ በዚያ ኩባንያ አሕጽሮተ ስም ውስጥ ይገኛል። ለትልልቅ ካሜራዎች የሜካኒክ ሻተር በማቅረብ ለረጅም ጊዜ የቆየው የጃፓኑ ኮፓልም በ2010ዎቹ ማምረቱን አቆመ። ስለዚህ አሁን በእጅ ያለው አሮጌ ሻተር ቢሰበር ምትኩ የሚገኘው ከሌላ አሮጌ ሻተር ነው።

በኮምፑር ላይ ከስሙ በቀር ተከታታይ ቁጥርም ተቀርጿል፤ ከቁጥሩም ሻተሩ በየትኛው ዘመን እንደ ተሠራ በግምት ማወቅ ይቻላል። ብልህ ጠጋኝ ይህን ቁጥር፣ ያጠበበትን ቀንና የለካቸውን ፍጥነቶች በትንሽ ካርድ ጽፎ በካሜራው ሣጥን ክዳን ውስጥ ይለጥፋል። ከእርሱ በኋላ የሚፈታው ሰው ካቻቢቴውን ከማንሣቱ በፊት ካርዱን ያነባል።